የጥያቄ ሳጥን በቤተ መጻሕፍት እንዴት ይዘጋጃል?

ተማሪው የራሱን ደብተር ይዞ ገብቶ፣ መደርደሪያውን ሳይነካ የሚወጣበት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ብዙ ነው። ያንን ተማሪ ከወንበሩ ለማስነሳት ብዙ ወጪ አያስፈልግም፤ አንባቢው የሚያስገርመውን ጥያቄ ጽፎ የሚከትበት፣ እርስዎም ከመጻሕፍቱ ጋር የሚያገናኙበት የጥያቄ ሳጥን ይበቃል።

1. ለሳጥኑ የጫማ ካርቶን ይበቃል። ክዳኑን ሰንጥቀው በር አጠገብ ያስቀምጡት። የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ ፊት ከሆነ ሰው ለመጻፍ ያፍራል። አንዱን ኤ4 ወረቀት ለስምንት ይቁረጡ፤ እርሳሱን በሲባጎ ከሳጥኑ ጋር ያያይዙት። ስም አይጠይቁ።

2. ባዶ ሳጥን ላይ ደፍሮ የሚጀምር የለም። ስለዚህ ከአካባቢው የተነሱ ሁለት ሦስት ጥያቄዎችን ራስዎ ጽፈው ይለጥፉ፦ «የመንዝ ጓሳ ጭላዳ ዝንጀሮ ደረቱ ለምን ቀላ?» «ውርጭ ባቄላ የሚመታው ለምን ሰማዩ በጠራ ሌሊት ነው?» ነገር ግን «የሳይንስ ጥቅም ምንድን ነው?» የሚለውን ዓይነት ጥያቄ ይተዉት፤ ፈተና ፈተና ይላል።

3. በየሳምንቱ አንድ ጥያቄ መርጠው በትልቁ ጽፈው ጠረጴዛ ላይ ያድርጉ። ሥሩ ከሦስት እስከ አምስት መጻሕፍት ሽፋናቸው እንዲታይ አድርገው ያቁሙ፤ የሚነበበው ገጽ ላይ ቁራጭ ወረቀት ያስገቡ። ለውርጩ ጥያቄ በዲዊ አመዳደብ (መጻሕፍት በየርዕሳቸው በቁጥር የሚደረደሩበት ዘዴ) ወደ 551.5 (የአየር ጠባይ)፣ 536 (ሙቀት) እና 630 (ግብርና) ይሄዳሉ። አንድ ጥያቄ ሦስት መደርደሪያ ማዞሩ ትልቁ ጥቅሙ ነው። መልሱን ግን አይለጥፉ! ብዙ ባለሙያ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መልሱን ያገኘ ሰው መጽሐፉን አይከፍትም።

4. የሚሞከር ነገር ይጨምሩ። በኅዳር፣ ሰማዩ በጠራበት ማታ፣ ግቢው ሣር ላይ አራት ችካል ተክለው ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርገው ጆንያ ይወጥሩ። ንጋት ላይ ፀሐይ ሳይነካው ይታይ፦ ውርጭ ከጣለ ገላጣው ሣር ነጭቶ፣ ከጆንያው ሥር ያለው አረንጓዴ ሆኖ ይገኛል። መሬት ሌሊቱን ሙቀቷን ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ ጆንያውም ደመናም የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው፤ ሙቀቱን ይይዙላታል። ነፋስ ካለ ከላይ ያለው ሞቅ ያለ አየር ስለሚቀላቀል ልዩነቱ ላይታይ ይችላል። ያኔ «ዛሬ ለምን እምቢ አለ?» የሚለው የሚቀጥለው ሳምንት ጥያቄ ይሁን።

5. ባቄላ የሚዘራ ገበሬ ይጋብዙ፤ ውርጭ የቀመሰ ተክል ይዞ ቢመጣ ደግሞ የበለጠ ነው። ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ሳጥኑን የሚገድለው ዝምታ ነው። መጽሐፍ ያልተገኘለት ጥያቄ በሁለት ሳምንት ውስጥ «እየፈለግን ነው» ተብሎ ይለጠፍ፤ ከዚያም ለሁለተኛ ደረጃ መምህር ወይም በአቅራቢያ ላለ ዩኒቨርሲቲ (ሰሜን ሸዋ ከሆኑ ለደብረ ብርሃን) ይላክ። የቤት ሥራ የገለበጠ ወረቀት ከመጣ አይጣሉት፤ መጽሐፉ ያለበትን መደርደሪያ ቁጥር ብቻ ጽፈው ይለጥፉት።