ተራ የፒሲ ጌም በቪአር፦ ጥላው በአንድ ዓይን ብቻ ሲታይ

ዩኢቪአር በአንሪል ኢንጂን (የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር) 4 እና 5 የተሠሩ ተራ ጌሞችን በቪአር፣ ማለትም ዓይን ላይ በሚደረግ መነጽር ውስጥ፣ የሚያጫውት ነፃ ፕሮግራም ነው። ጌሙ ያለ ችግር ተከፈተልኝ። ጥላው ግን በግራ ዓይን ብቻ ይታያል፣ በቀኝ የለም። ይሄ ነገር ቶሎ ራስ ያዞራል። እናንተም ከጠረጠራችሁ አንድ ዓይን እየጨፈናችሁ ሞክሩት፤ ወዲያው ይለያል።

መፍትሔው የአሳሳል ዘዴውን መቀየር ነው። ፕሮግራሙ ሲነሳ «ኔቲቭ ስቴሪዮ» ላይ ነው። ፈጣን ነው፣ ግን ሁሉም ጌም አይስማማውም። «ሲንክሮናይዝድ ሲክዌንሺያል» ላይ ሳደርገው ሁለቱ ዓይኖች ተራ በተራ ስለሚሳሉ ጥላው ተስተካከለ። በነፃ ግን አይደለም፤ ፍጥነት ይቀንሳል። ጌሙ ውስጥ ቲኤኤ (ያለፉ ምስሎችን እያዋሃደ የነገሮችን ጠርዝ የሚያለሰልስ ቅንብር) በርቶ ከሆነ ደግሞ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ጭራ ያወጣል። ቲኤኤውን አጥፉት።

ፍጥነቱን ለመመለስ መጀመሪያ ጥላና ነጸብራቅ ቀንሱ። በ90 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 90 ምስል ሲታይ፣ አንድ ምስል ለመሳል ያለው ጊዜ 11 ሚሊሰከንድ አካባቢ ብቻ ነው። ሞሽን ብለርንማ (ሲንቀሳቀሱ ምስሉን የሚያደበዝዘውን ቅንብር) ሳታመነቱ አጥፉት፤ በቪአር ለምንም አይረባም።

የበር እጀታ ትከሻዬ ጋ ሲደርስ «ወርልድ ስኬል» (የጌሙ ዓለም ምን ያህል ትልቅ ሆኖ እንደሚታይ የሚወስነው ቅንብር) መነካት እንዳለበት ገባኝ። ወገብ ጋ እስኪወርድ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ አስተካክሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ፕሮግራሙ ጌሙ ውስጥ ገብቶ ስለሚሠራ ፀረ ማጭበርበሪያ ባላቸው የኦንላይን ጌሞች ላይ አትሞክሩት። አካውንታችሁ ሊታገድ ይችላል።