ፀሐይን በቴሌስኮፕ ፎቶ ስታነሱ እባካችሁ እነዚህን አታድርጉ

ደሴም ኮምቦልቻም ቴሌስኮፕ የገዛ ልጅ እየበዛ ነው፣ በጣም ደስ ይለኛል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ፀሐይ ላሊበላ ላይ ቀለበት ሆና ከታየች ወዲህ ብዙ ሰው ወደ ላይ ማየት ጀምሯል። ግን የሚላክልኝ ፎቶ ላይ ያው ስህተት እየተመላለሰ ስለሆነ እስቲ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

መጀመሪያ የዓይን ነገር፣ እዚህ ላይ ድርድር የለም። ፊልተር የሚታሰረው ቴሌስኮፑ ፊት ላይ ነው፣ ብርሃኑ በሚገባበት አፍ። ከአንዳንድ ርካሽና አሮጌ ቴሌስኮፕ ጋር የሚመጣ፣ አይፒሱ (ዓይናችሁን የምታስጠጉበት ሌንስ) ላይ የሚጠመዘዝ ትንሽ ጥቁር መስታወት አለ፣ እሱን ጣሉት፣ ለሌላ ሰውም አትስጡት። ሌንሱ የሰበሰበው ሙቀት እሱ ላይ ያርፋል፣ ግሎ ይሰነጠቃል፣ ሲሰነጠቅ ዓይናችሁ እዛው ተደቅኗል። ራጅ ፊልም፣ ሲዲ፣ በጥላሸት የጠቆረ መስታወት፣ መነጽር መደራረብ፣ አንዱም አይሆንም። ሬቲና ሲቃጠል አያምም፣ ስለዚህ "እኔ አይቼበት ምንም አልሆንኩም" የሚላችሁን ሰው አትስሙ። ለዓይን የሚሆነው 5.0 ተብሎ የሚሸጠው የፀሐይ ፊልተር ፊልም ነው፣ ከመቶ ሺህ አንድ እጅ ብርሃን ብቻ ያሳልፋል። 3.8 የሚባለው ለካሜራ ብቻ ነው፣ ከዚያኛው ወደ 16 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ስለሚያሳልፍ አይፒስ አስገብታችሁ እንዳታዩበት። ሁሌም ከማሰራችሁ በፊት ፊልሙን ወደ አምፖል ዞር አድርጋችሁ ተመልከቱት፣ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ብርሃን ብልጭ ካለች አትጠቀሙበት። የካርቶን ማቀፊያ ከሠራችሁለት ደግሞ ዙሪያውን በፕላስተር ያዙት፣ የሐረጎ ንፋስ አንዴ ከመነጨቀው አለቀ።

ፋይንደሩን፣ ማለትም ዋናው ቱቦ ላይ የምትታሰረውን ማነጣጠሪያ ትንሽ ቴሌስኮፕ፣ ደግሞ ንቀሉት፣ መክደን ሳይሆን መንቀል። ኮምቦልቻ አንድ ልጅ ዋናውን ቱቦ በሥርዓት ሸፍኖ ፋይንደሩን ረስቶት ውስጡ ያለው የመስቀለኛ ምልክት ቀልጦ አይቻለሁ፣ እዛ ጋ የሕፃን ዓይን ሊሆን ይችል ነበር። ሰፈር ውስጥ ቴሌስኮፕ ስታቆሙ ልጆች መሰብሰባቸው አይቀርም፣ ጥላችሁት ለአንድ ደቂቃም አትሂዱ። ፀሐይን ለማግኘት ፋይንደር አያስፈልግም፣ ቱቦው መሬት ላይ የሚጥለውን ጥላ እዩ፣ ጥላው እስከመጨረሻ ሲያጥር ቱቦው ፀሐይዋ ላይ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። በቀትር፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ በላይ እያሳለፉ ማንሳት! "ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፣ ፎቶው ግን ውሃ ውስጥ ያለ ነው የሚመስለው፣ ሌንሱ ተበላሽቶ ይሆን?" ይሉኛል። ስንት ሰዓት ነው ያነሳችሁት? "6 ሰዓት።" ከየት? "ከኮንዶሚኒየም በረንዳ።" ኧረ በአላህ! ጥርት ያለ ሰማይና የረጋ አየር አንድ አይደሉም፣ ከሰማያዊ ሰማይ ሥር አየሩ እየተናጠ ሊሆን ይችላል። ፀሐይ ፊት ላይ ያለው ግራኑሌሽን ማለት እኮ ከታች የጋለው ጋዝ ወደ ላይ እየመጣ፣ እየቀዘቀዘ፣ ተመልሶ እየሰመጠ ነው፣ ሽሮ ሲንተከተክ እንደማየት ነው። አንዷ ግራኑል በአማካይ ከ1000 እስከ 1500 ኪሎ ሜትር ትሰፋለች፣ የፀሐይዋ ስፋት ግን 1.39 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ስለሆነ ከጠቅላላው ስፋት አንድ ሺኛ የምታክል ነገር ናት፣ ዕድሜዋ ደግሞ ከ10 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ይህችን የምታክል ነገር ለመያዝ ፈልጋችሁ ስታበቁ በመሃል የጋለ ቆርቆሮ፣ የጋለ ኮንክሪት፣ የጋለ አስፋልት ካስገባችሁ ሙቀቱ ከመሬት እየተነነ ምስሉን ይበላዋል፣ የመቶ ሺህ ብር ቴሌስኮፕም አያድናችሁም። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ከላያችን ያለው አየር ሳሳ ያለ ነው፣ ይሄ ትልቅ ዕድል ነው፣ ግን ቀን ላይ ዋናው ጉዳት የሚመጣው ከአፍንጫችሁ ሥር ካለው አየር ነው።

ስለዚህ ጠዋት ውጡ። ፀሐይዋ የጦሳን ተራራ አብርታ ከፍ ስትል፣ ከ2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ መሬቱ ገና ሳይግል። ከዚያ በፊት ዝቅ ስለምትል በወፍራም አየር ነው የምታዩዋት፣ ከዚያ በኋላ ቆርቆሮው ይነሳባችኋል። ሣር ያለበት ቦታ ፈልጉ፣ በፀሐይዋ አቅጣጫ ጣሪያ አይኑር። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ከተማዋ ዝቅ ያለችና ሞቃት ስለሆነች ከእኛ ቀድማችሁ ጀምሩ፣ ከፋብሪካና ከዋናው መንገድ ራቁ። ቱቦው ፀሐይ እንዳያግለው ነጭ ጨርቅ ጣል አድርጉበት። በመስኮት መስታወት ማንሳትማ እንዳይታሰብ።

ፎከስ ላይ ደግሞ የላፕቶፑ ስክሪን ፀሐይ ላይ ስለማይታይ ሰው በግምት ይተወዋል። ጋቢ ተከናነቡና ከነላፕቶፑ ውስጡ ግቡ፣ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሰንስፖት ማለት ፀሐይ ፊት ላይ የሚታየው ጥቁር ነጥብ ነው። መካከሉ ጥቁሩ ክፍል ነው፣ ዙሪያው ወደ መሃል የሚሄዱ ቀጫጭን ክሮች ያሉበት ግራጫ አለ፣ የሁለቱ ድንበር ስል እስኪሆን ቀስ እያላችሁ አዙሩ፣ አልፋችሁ ሂዱ፣ ተመለሱ። እጃችሁ ሲነካው ምስሉ ይናወጣል፣ ለቀቅ አድርጋችሁ እስኪረጋ ጠብቁና ፍረዱ። ሙቀት ሲጨምር ፎከሱ ይሸሻል፣ በየቪዲዮው መካከል እንደገና እዩት።

አንድ ፎቶ አንስቶ መሄድ አይሆንም። ቪዲዮ ነው የሚቀረጸው፣ አንድ ደቂቃ ገደማ፣ ከዚያ አውቶስታከርት በሚባለው ሶፍትዌር ምርጥ ምርጡን ፍሬም፣ ከመቶ አምስት ወይም አስር እጁን ብቻ፣ ትደራርባላችሁ፣ ስታክ ማድረግ የሚባለው ይሄ ነው። ኤክስፖዠሩ ከጥቂት ሚሊሰከንድ አይብለጥ፣ ሂስቶግራሙ (የብርሃኑን መጠን የሚያሳየው ግራፍ) ቀኝ ጫፍ አይንካ። አምስት ደቂቃ የሚቀርጹ አሉ፣ እስከዚያ ግራኑሎቹ ራሳቸው መልካቸውን ቀይረዋል።

ባርሎ (ምስሉን የሚያጎላ ተጨማሪ ሌንስ) መደራረብ ሌላው ነው። የካሜራችሁን ፒክስል በማይክሮን ውሰዱና በ4 አባዙት፣ የሚመጣው ቁጥር የምትፈልጉት ኤፍ ሬሾ (የፎከስ ርዝመቱ ለሌንሱ ስፋት ሲካፈል) ነው፣ 2.9 ማይክሮን ከሆነ ወደ ኤፍ 12 ማለት ነው። ከዚያ በላይ ብዥታውን ነው የምታሳድጉት። የሌንሱ ስፋት 60 ወይም 70 ሚሊሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ ሰንስፖት በጣም ቆንጆ ይወጣል፣ ለግራኑሌሽን ግን 100 እና ከዚያ በላይ ይሻላል፣ አረንጓዴ ፊልተር ከፊልሙ ኋላ ብትጨምሩ ደግሞ ይጠራል።

ሻርፕ ማድረጊያውን እስከ ጥግ መግፋት፦ ይሄን የምታደርጉ ልጆች ጎበዞች ናችሁ፣ ትዕግሥት ብቻ ነው የጎደላችሁ። ደካማ ቪዲዮ ላይ ሻርፕ ሲበዛ ትል የሚመስል ነገር በመላ ዲስኩ ይወጣል፣ ሰው "ግራኑሌሽን ያዝኩ" ብሎ ይለጥፈዋል። ማጣሪያው ቀላል ነው። ሁለት ቪዲዮ አከታትላችሁ ቅረጹ፣ ለየብቻ ስታክ አድርጉ፣ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጧቸው። አንዱ ላይ ያለችው ግራኑል ሌላውም ላይ እዛው ቦታ ካለች እውነት ናት። ከሌለች ሶፍትዌሩ የፈጠራት ናት፣ ሰርዙት።

አቧራም ሰንስፖት ይመስላል። ካሜራውን ትንሽ አዙሩት፣ ሰንስፖቱ በስክሪኑ ላይ ይዞራል፣ አቧራው ባለበት ይቀራል።

ሰዓት አጻጻፍ ላይ ደግሞ በናታችሁ ተጠንቀቁ። "ኅዳር 5፣ 2:00" ተብሎ የተላከ ፎቶ ፀሐይን ከሚከታተለው የናሳ ሳተላይት ከኤስዲኦ የዕለቱ ምስል ጋር ላመሳክር ስል ነጥቦቹ አልገጥም ብለው ስንት ሰዓት ለፍቻለሁ፣ ለካ ልጁ ቀኑን በእኛ ጽፎ ሰዓቱን ከላፕቶፑ ነው የገለበጠው፣ የላፕቶፑም ሰዓት በትክክል አልተሞላም። የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት) 5 ሰዓት ነው፣ ቀኑንም በፈረንጅ አድርጋችሁ የፋይሉ ስም ላይ እዛው ሜዳው ላይ እያላችሁ ጻፉት። ዲያጎናል (ብርሃኑን ወደ ጎን የሚያጥፍ መስታወት) ተጠቅማችሁ ከሆነም ጻፉ፣ ምስሉ እንደ መስታወት ስለሚገለበጥ። ሰንስፖት ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ለመሻገር ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፣ ቀኑና አቅጣጫው ከተጻፈ በየጠዋቱ ያነሳችሁትን ደርድራችሁ ፀሐይዋ ስትዞር ታያላችሁ።