እባካችሁ፣ የአያታችሁን ፎቶ ላሚኔት አታስደርጉት

የምሠራው በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ የድሮ ፎቶና ፊልም የሚቀመጥበት ክፍል ነው። ከድሬዳዋም ከሐረርም ሰዎች የቤተሰብ ፎቶ ይዘውልን ይመጣሉ። ደስ ይለኛል። ግን ከፌስታሉ ሲያወጡት ልቤ ቀጥ የምትልበት ቀን ብዙ ነው።

ከሁሉም የሚያበግነኝ ላሚኔት ነው። በቅርቡ አንዲት እናት ከመጋላ መጡ። የሠርግ ፎቷቸው ከዳር እስከ ዳር በላስቲክ ተለብጧል። «ልጄ፣ እንዳይበላሽብኝ ብዬ እኮ ነው» አሉኝ። ምን ይባላል? ኧረ አቦ፣ ስለ ፈጠራችሁ! የላሚኔት ማሽን ማለት ሙቀትና ሙጫ ነው። የድሮ ፎቶ ምስሉን የያዘው ደግሞ ስስ የጄላቲን ሽፋን ነው፤ ሙቀት አይችልም። ሙጫው አንዴ ከያዘ መመለሻ የለውም። ላስቲኩን ልላጠው ስትሉ ሙሽራዋ አብራ ትላጣለች። ስካን ስናደርገውም ያብለጨልጫል። የቀበሌ መታወቂያችሁን ላሚኔት አስደርጉ፤ የልጆቻችሁን ሰርተፍኬትም፣ ደስ ካላችሁ። ፎቶ ግን አይነካ! ወረቀት ፖስታ ውስጥ ብትከቱት ይበቃዋል።

በእርጥብ ጨርቅም አትወልውሉት፤ ውሃ ያበላሸዋል። ሐረር ራምቦ ቤት የገባችሁ ታውቁ ይሆናል፤ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በ1875 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1883) እዚያው ሐረር የተነሳቸውን ፎቶዎች ለቤተሰቡ ልኮ ነበር። ምስሎቹ ነጥተዋል። ያጠብኩበት ውሃ መጥፎ ስለሆነ ነው ብሎ ጽፏል። በሐረር ውሃ ማማረር የጀመርነው እኛ አይደለንም።

ጀርባው ላይ በእስክሪፕቶ አትጻፉ። ለስላሳ እርሳስ።

ፎቶው ከፍሬሙ መስታወት ጋር ከተጣበቀ አትላጡት፤ ከነመስታወቱ አምጡት፣ በላዩ እናነሳዋለን።

ቆርቆሮ ጣሪያ ስር፣ ቁምሳጥን አናት ላይ ማስቀመጥ በድሬ ሙቀት መቀቀል ነው። አልጋ ስር መሬት ላይም አይሆንም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ያደረገውን የድሬ ሰው አይረሳም። የሰው ሕይወት ነው የወሰደው። ከተረፉት ውስጥ የሞቱባቸውን ሰዎች አንድ ፎቶ እንኳ ያጡ አሉ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ አባት የ8 ሚሊሜትር ፊልም ጥቅል ይዘው መጡ። ቆርቆሮው ሲከፈት አቼቶ አቼቶ ይሸታል። እኔ ግን ቸኩያለሁ። አሮጌ ፕሮጀክተር ነበረን፤ ጫንኩት። ባቡር ጣቢያ ታየ። አንዲት ሴት ነጠላዋን እያስተካከለች ከፉርጎ ትወርዳለች። ሦስት ሰከንድ ያህል። ከዚያ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ያ ሽታ ፊልሙ መበስበስ መጀመሩን የሚናገር ነው። አሴቴት ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ፊልም ሲበሰብስ ይኮማተራል፤ ጠርዙ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ከፕሮጀክተሩ ጥርስ ጋር መግጠማቸውን ያቆማሉ፤ ማሽኑ ግን ይጎትተዋል። አባትየው «አይዞህ» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አቼቶ የሚሸት ፊልም ካላችሁ ከሌሎቹ ለዩት፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አኑሩት፣ ፕሮጀክተር ላይ ግን በፍጹም አትጫኑት።

የዓመተ ምህረቱ ነገርም አለ። ጀርባው ላይ «1958» ብቻ ተጽፎ ይመጣል። የማን 1958? በእኛ ከሆነ ፈረንጆቹ 1965 ወይም 1966 ላይ ናቸው። በእነሱ ከሆነ ጃንሆይ አለማያ ኮሌጅን የመረቁበት ዓመት ነው። የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በፈረንጆቹ ከ1952 እስከ 1968 ኢትዮጵያ ሠርተዋል፤ ኮሌጁ ሲቋቋምም ነበሩ። የዚያን ዘመን ፎቶ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች መዝገብ ውስጥ ስትፈልጉ «ሐረማያ» ብቻ ብላችሁ አትቁሙ። ያኔ ስሙ አለማያ ነበር። ሐረርንም በፈረንጅ ፊደል አንዳንዱ በአንድ «አር»፣ አንዳንዱ በሁለት ይጽፈዋል። ሁሉንም ሞክሩ።

በቴሌግራም ስትልኩልን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይሁን። አለዚያ ጥራቱ ይወርድና የሚደርሰን ጭጋግ ነው።

ኔጋቲቭ ደግሞ «ጥቁር ነገር ነው፣ ምን ይሠራል?» ተብሎ አይጣልም። ፎቶው ቢበላሽ ከእሱ እንደገና ይታተማል። የመጋላዋን እናት ጠይቄያቸው ነበር። ቤት ሲቀባ ጥለውታል።