አሜሪካ ሕግ ለመማር የሚያስብ ተማሪ የመጀመሪያ ዲግሪውን በአቅሙ እንዴት ይምረጥ?

አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ያላቸው ወላጆች «ልጃችን ጠበቃ መሆን ይፈልጋል፤ አሜሪካ የትኛው ኮሌጅ ይሻለዋል?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ ከኮሌጅ ስም በፊት የማነሣው ጥያቄ ልጁ ወደፊት የሚሠራው በየትኛው አገር ነው የሚል ነው። በእኛ አገር ሕግ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጥ ትምህርት ስለሆነ፣ ስድስት ኪሎ የገባ የሕግ ተማሪ ኤልኤልቢውን ይዞ ወደ ሥራ ይወጣል። በአሜሪካ ግን ተማሪው በመረጠው ዘርፍ አራት ዓመት ተምሮ ዲግሪ ከያዘ በኋላ ነው ጄዲ ለሚባለው የሦስት ዓመት የሕግ ትምህርት የሚያመለክተው። መንገዱ የሰባት ዓመት ነው፤ ጥሪቱን ሁሉ ለመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ያፈሰሰ ቤተሰብ፣ ልጁ ሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሲደርስ ባዶ እጁን ይቀራል።

ልጁ ኢትዮጵያ ውስጥ ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ ወይም ጠበቃ መሆን ከፈለገ፣ በእኔ እምነት የመጀመሪያ ዲግሪውን እዚሁ ቢማር ይሻለዋል። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚማረው እዚህ ነውና። የግል ተቋም የሚመርጥ ከሆነ፣ ተቋሙ በዚያው ካምፓስ ሕግ ለማስተማር ዕውቅና እንዳለው ከመመዝገቡ በፊት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያረጋግጥ። የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች ስለሚሰጥ፣ ከተቋሙ የሕግ ተማሪዎች ስንቱ ፈተናውን እንዳለፉም ይጠይቅ። ይህ ምርጫ የአሜሪካን በር አይዘጋም። ለምሳሌ የኒውዮርክ ክፍለ ግዛት፣ ሥርዓተ ሕጋቸው እንደ እኛ ከእንግሊዝ ኮመን ሎው ካልተቀዳ አገሮች ለመጡ የሕግ ምሩቃን፣ የታዘዙትን ኮርሶች ያሟላ ኤልኤልኤም የሚባለውን የሕግ ሁለተኛ ዲግሪ አሜሪካ ውስጥ ሲጨርሱ ለጥብቅና ፈተና የሚቀመጡበትን መንገድ ከፍቷል። ኤልኤልኤም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት የሚፈጅ በመሆኑ፣ ከሰባት ዓመቱ መንገድ ጋር ሲነጻጸር ወጪው እጅግ ያነሰ ነው።

ጄዲ መማር ቆርጦ ለተነሣ ተማሪ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የአሜሪካ ሕግ ትምህርት ቤቶች አመልካች የግድ የሚይዘው የትምህርት ዘርፍ የላቸውም፤ ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ፍልስፍና ወይም ሒሳብ የተማረ እኩል ማመልከት ይችላል። ስለዚህ «ፕሪ ሎው» (ለሕግ ትምህርት መሰናዶ) የሚል ስም ስላለው ብቻ ለአንድ ፕሮግራም ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ተገቢ አይመስለኝም። ከሁሉ በላይ የሚመዘኑት የኮሌጁ አማካይ ውጤት (ጂፒኤ) እና ከ120 እስከ 180 የሚታረመው የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና፣ የኤልሳት፣ ውጤት ናቸው፤ አብዛኛው የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የትምህርት ዕድልም የሚሰጠው እነዚህን አይቶ ነው። ማመልከቻዎችን የሚያጠናቅረው ኤልሳክ የተባለው ድርጅት ተማሪው ከመጀመሪያ ዲግሪው በፊት በአሜሪካ ኮሌጆች ያገኘውን ውጤት ሁሉ ይደምራል፤ ወድቆ የደገመው ኮርስ እንኳ ትራንስክሪፕቱ ላይ ከነውጤቱና ከነክሬዲቱ ካለ ይቆጠራል። በመሆኑም ዕዳ ሳያስጨንቀው፣ ረጅም ሰዓት ለመሥራት ሳይገደድ በርትቶ የሚያጠናበት ኮሌጅ፣ ስሙ ገንኖ ከሚያስጨንቀው ኮሌጅ ለዚህ ዓላማ ይበልጣል።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በድረ ገጹ ላይ የተጻፈው ክፍያ ቤተሰቡ የሚከፍለው አይደለም። አንድ ኮሌጅ በዓመት 80,000 ዶላር ጠይቆ 75,000 ዶላር የማይመለስ ድጎማ ቢሰጥ፣ ሌላው ደግሞ 35,000 ጠይቆ 8,000 ቢሰጥ፣ «ርካሹ» በአራት ዓመት 108,000 ዶላር ሲያስወጣ «ውዱ» 20,000 ብቻ ያስወጣል። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ እና አምኸርስት የውጭ አገር ተማሪን ሲቀበሉ የመክፈል አቅሙን መመዘኛ አያደርጉም፤ ከተቀበሉትም የጎደለውን ይሞሉለታል። መግባቱ እጅግ ከባድ ስለሆነ ግን ተስፋን በእነዚህ ላይ ብቻ መጣል አይገባም። ብዙዎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በበኩላቸው ለውጭ ተማሪ የሚሰጡት ድጎማ ጥቂት ነው።

የተቀበለው ኮሌጅ ስንት እንደሚደጉም የሚገልጸው የድጋፍ ደብዳቤ ሲደርስ የትምህርት ክፍያን፣ መኖሪያን፣ ምግብን፣ የጤና መድንን፣ መጻሕፍትንና የአውሮፕላን ቲኬትን ደምሩና ከዚያ ላይ የማይመለሰውን ድጎማ ብቻ ቀንሱ። ብድርና የካምፓስ ሥራ ድጎማ አይደሉም፤ የተማሪ ቪዛ ያለው ልጅ በትምህርት ወቅት ካምፓስ ውስጥ መሥራት የሚችለው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። ድጎማው አራቱንም ዓመት እንደሚቀጥልና ስንት ጂፒኤ እንደሚጠይቅ በጽሑፍ ጠይቁ። ሒሳቡን በዶላር ያዙት፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን፣ ዛሬ በብር የተሠራ የአራት ዓመት በጀት ነገ ላይበቃ ይችላል።

በዲቪ ወይም በቤተሰብ በኩል ግሪን ካርድ ያገኘ ተማሪ ሰፊ ምርጫ አለው። ፋፍሳ የተባለውን የድጋፍ መጠየቂያ ቅጽ ሞልቶ የፌዴራል ድጋፍ ሊያገኝ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት በክፍለ ግዛቱ ከኖረ በኋላ ለነዋሪዎች የተቀነሰውን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ክፍያ ይከፍላል፤ ሁለት ዓመት በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (ርካሽ በሆነ የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ተምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወርም ይችላል። ሆኖም በ2025 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት ከሐምሌ 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ የሕግ ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት የሚበደረው በዓመት ከ50,000፣ በጠቅላላው ከ200,000 ዶላር እንዳይበልጥ ስለተወሰነ፣ በመጀመሪያ ዲግሪ የዳነ ገንዘብ ኋላ በጣም ይፈለጋል።

ዝግጅቱ የአሥራ አንደኛ ክፍል ትምህርት እንዳለቀ በክረምቱ ይጀመር። ለብዙ ኮሌጆች በአንድ ቅጽ የሚመለከትበት የጋራ ማመልከቻ፣ ኮመን አፕ፣ ሐምሌ 25 ግድም ይከፈታል፤ የብዙ ኮሌጆች ቀነ ገደብ ደግሞ በታኅሣሥ ማብቂያ ላይ ነው፤ የእኛ ብሔራዊ ፈተና ከመሰጠቱ ወራት በፊት ማለት ነው። ስለዚህ ትራንስክሪፕት፣ የወላጆች የደመወዝ ማስረጃና የባንክ መግለጫ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅተው በመስከረም እጅ ላይ ይኑሩ። ቤቱ ውስጥ ኢንተርኔት የሌለው ልጅ አራት ኪሎ በሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በነጻ መሥራት ይችላል። የማመልከቻ ክፍያውንም መክፈል የማይችል ተማሪ ነጻ እንዲደረግለት ይጠይቅ፤ ብዙ ኮሌጆች ይፈቅዳሉ። የድጋፍ ደብዳቤዎቹ በመጋቢት ሲመጡ፣ መልስ እስከሚሰጥበት እስከ ሚያዝያ 23 ድረስ ባለው ጊዜ ከሁሉ የሚመርጠው ኮሌጅ የሰጠው ድጎማ ካልበቃው፣ የቤተሰቡን ገቢ ዘርዝሮ እንደገና እንዲታይለት በአክብሮት ይጻፍ።