ሊዝበን ቤት ስታዩ ኮምፓስ ክፈቱ

ሊዝበን ውስጥ ቤት የምትከራዩ፣ ያማሩት ሰቆች ብቻ አያታልሏችሁ። አብዛኛው የድሮ አፓርታማ ማሞቂያ የለውም። ታኅሣሥና ጥር ላይ ውስጡ አንዳንዴ ከደጅ ብሶ ይቀዘቅዛል። ቁም ሳጥን ውስጥ የሰቀላችሁት ጃኬት ሳይቀር ይሻግታል።

ዘዴው ቀላል ነው። ሳሎኑ መስኮት ጋ ቁሙና የስልካችሁን ኮምፓስ ክፈቱ። መስኮቱ ወደ ደቡብ ካየ ደግ ነው፤ ሁሉም መስኮት ወደ ሰሜን ከሆነ ግን ደጋግማችሁ አስቡበት። እዚያ በብርዱ ወራት ፀሐይ እንደ አዲስ አበባ ከፍ ብላ አትወጣም። ታኅሣሥ ላይ እኩለ ቀን እንኳ ከአድማስ 28 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ከፍታዋ፣ እሱም በስተደቡብ። ስለዚህ በደቡብ መስኮት እስከ ክፍሉ ጓዳ ዘልቃ ትገባለች፤ ግድግዳ ታደርቃለች፣ በነፃ ታሞቃለች። የሰሜኑን መስኮት ብርዱን ሙሉ ዞር ብላም አታየው።

በዚያው ከውጭው ግድግዳ ጋር የተጠጋውን ቁም ሳጥን ከፍታችሁ አሽትቱ። ትኩስ ቀለም ከሸተታችሁ ጠርጥሩ፤ ሻጋታ የሚሸፈነው በሱ ነው።

እንደ አልፋማ ባሉ ጠባብ ሰፈሮች ግን ኮምፓሱ ብቻውን አይበቃም። የፊት ለፊቱ ሕንፃ ፀሐይዋን ይጋርዳል። እዚያ እኩለ ቀን ላይ ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ።