የቡቺ ድርሻ ሽንኩርት ሳይገባ ይነሳ፦ ለውሻና ለድመት ከጓዳችን ስናበላ የምንሠራቸው ስህተቶች

ውሻችን ቡቺ በፋሲካ ማግስት ቁርሱን ሳይነካ ሲቀር «ጠግቦ ነው» አልን። በበዓሉ ቀን የዶሮ ወጥ ድስት ጥራጊ ከእንጀራ ጋር ተሰጥቶት ጥርግ አድርጎ በልቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ከተኛበት መነሳት አቃተው። ሽንቱ የሻይ መልክ ያዘ። ሐኪሙ ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ ድዱን አሳየን፤ ሮዝ መሆን የነበረበት ድድ ወረቀት መስሏል። መጀመሪያ የጠየቀን «ሽንኩርት በልቷል?» ብሎ ነው።

ቡቺ ዳነ። እኔም ከዚያ ወዲህ ነገሩን በደንብ መከታተል ጀመርኩ።

ለውሻና ለድመት ከቤት ትኩስ ነገር መጨመር ጥሩ ነው። ተገዝቶ የሚሰጣቸው ደረቅ ምግብ ውስጥ ያለው ውሃ ከመቶ 10 እጅ ገደማ ነው፤ ሥጋ ውስጥ ያለው ወደ 70 ይጠጋል። ውሃ መጠጣት ለማትወድ ድመት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ያለው አሰጣጣችን ላይ ነው።

ትልቁ ስህተት ከበሰለ ወጥ ጨልፎ መስጠት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳሉ። መብሰሉም መድረቁም መርዙን አያጠፋውም። የእኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ቁሌት ነው። ሽንኩርቱ ሟሙቶ ሥጋው ውስጥ ስለሚገባ «ሥጋውን ብቻ አውጥቼ ሰጠሁት» ማለት አያዋጣም። ውሻ በኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ቢበላ ደሙ ይጎዳል። ለድመት 5 ግራም ይበቃል። አራት ኪሎ የምትመዝን ድመት 20 ግራም ጎዳት ማለት ነው፤ ያ የአንዲት ትንሽ ራስ ሽንኩርት ሩብ ነው። ምልክቱ ቀናት ቆይቶ ስለሚመጣ እንደ እኛ «ጠግቦ ነው» የሚል ሰው ይበዛል።

ዶሮው ሲበለት፣ ሥጋው ሲከተፍ፣ ድርሻቸው ድስት ሳይገባ ይነሳ። በትንሽ ውሃ ብቻውን ይቀቀል፤ ጨው የለ፣ በርበሬ የለ፣ ቅቤ የለ። መረቁን አትድፉት። ቀዝቀዝ ሲል ደረቁ ምግብ ላይ አፍስሱላቸው።

«አጥንት የውሻ ነው» የሚባለውም ያስቸግራል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲነከስ እንደ ስንጥር ይሰነጠቃል፤ ጉሮሮ ላይ ይሰካል፣ አንጀት ይበሳል። ከሥጋው የተቆረጠ ጮማ ደግሞ ቆሽታቸውን ያስቆጣል። በዓል በመጣ ቁጥር ሁለቱም ግቢ ውስጥ አይጠፉም።

የቅርጫ ቀን ስህተት ግን ለእኛም ይተርፋል። ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ነጣ ያለ እብጠት ይገኛል። «ይሄ አይበላም» ይባልና ለውሻ ይወረወራል። እብጠቱ ውስጥ ያለው ነገር ውሻው አንጀት ውስጥ ገብቶ ትንንሽ የኮሶ ትል ይሆናል። ውሻው ብዙ ጊዜ ምንም አይታይበትም። የትሉ እንቁላል ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ፀጉሩም ላይ ይቀራል። ልጅ ውሻውን አቅፎ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ወደ አፉ ይገባል። ከዚያ ያው ውሃ የቋጠረ እብጠት ሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ያድጋል፤ ብዙውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና ነው የሚወጣው። ያን ክፍል አቃጥሉት፤ ካልሆነም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት። ጤነኛ የሚመስለውንም ጉበትና ሳንባ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀቅላችሁ ስጡ። የትል መድኃኒቱን ደግሞ ከእንስሳት ሐኪም ጋር ተነጋገሩበት።

ጾም ሲገባ በብዙ ቤት ድመቷም አብራ ትጾማለች። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ሽሮና እንጀራ ብቻ ለድመት አይሆናትም። ድመት ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን መሥራት አይችልም፤ የምታገኘው ከሥጋና ከዓሣ ነው። ለረጅም ጊዜ ካጣችው ዓይኗ ይጎዳል፣ ልቧም ይደክማል። ውሻ ከዚህ በተሻለ ይቋቋማል። ቤታችሁ ሥጋ የማይገባበት ወቅት ከሆነ ለድመት የተዘጋጀ ምግብ ገዝታችሁ አስቀምጡላት። በፍስክ ጊዜ የበሬ ወይም የዶሮ ልብ ጥሩ የታውሪን ምንጭ ነው። ታውሪን ወደ ቅቅሉ ውሃ ስለሚወጣ፣ መረቁን አትድፉ ያልኩት ለዚህም ነው። ጉበት ግን በየቀኑ አይሰጥ። ቫይታሚን ኤ ሲበዛ የድመትን የአንገት አጥንት እስከማጣበቅ ይደርሳል።

መጠኑም ይታሰብበት። የሚያስፈልገውን ንጥረ ነገር ሁሉ የያዘ ደረቅ ምግብ የሚበላ እንስሳ ከሆነ ጭማሪው ከቀን ካሎሪው 10 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። አንድ የተቀቀለ እንቁላል 70 ካሎሪ ገደማ ነው፤ አሥር ኪሎ ለሚመዝን ውሻ የቀን ጭማሪው እሱው ነው። ለድመት አንድ የሾርባ ማንኪያ ሥጋ ይበቃታል። ደረቁን ትቶ ሥጋ ብቻ ማብላትም ስህተት ነው። ሥጋ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል፤ በተለይ የቡችላ አጥንት ይጣመማል። ሙሉ በሙሉ ከቤት ማብላት የፈለገ ሰው ሐኪም ያማክር።

ወተት ብዙ ትልልቅ ድመቶችን ያስቀምጣቸዋል። ወይን፣ ዘቢብ፣ ቸኮሌት፣ ጥሬ ሊጥና ስኳር አልባ ማስቲካ ለውሻ አደገኛ ናቸው፤ ከእጁ አርቁ።

አንድ ቀን ተነስቶ ሳህኑን መለወጥም ሆዳቸውን ያበላሻል። በሻይ ማንኪያ የተቀቀለ ዱባ ወይም ካሮት ጀምሩ። ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ ዓይነ ምድራቸውንም እዩ። ከላላ አንድ ቀን አቁሙና በግማሹ መጠን ተመለሱ። ማስታወክ ከመጣ፣ ወይም ድዳቸው ከነጣ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ውሰዷቸው፤ የበሉትንም ነገር ሁሉ ሳትደብቁ ንገሩት።