አንድ ድርጅት ስለ እርስዎ ምን እንደያዘ በሕግ እንዴት ይጠየቃል? በአውሮፓ ለምንኖር

ስሜ በአንድ የስልክ ድርጅት መዝገብ ውስጥ ከሌላ ሰው ጋር ተደባልቆ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ነበር። ያወቅሁት አዲስ ውል ልገባ ሄጄ «አይቻልም» ስባል ነው። ሻጩ ለምን እንደማይቻል አያውቅም፤ የሚያየው ኮምፒውተሩ የሚለውን ብቻ ነው። ዕዳ የለብኝም፣ ያሳደርኩት ክፍያም የለም። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ መልስ ሳጣ አንድ ወዳጄ «አፍህን አታድክም፣ አንቀጽ 15ን ጠቅሰህ ጻፍላቸው» አለኝ። ጻፍኩ። በ3 ሳምንት ውስጥ 14 ገጽ መጣልኝ። ስድስተኛው ገጽ ላይ ከእኔ ስም ሥር ረግጬው የማላውቅ ከተማ አድራሻና 2 ያልተከፈሉ ሒሳቦች ተቀምጠዋል።

ከዚያ ወዲህ ይህን ደብዳቤ ለብዙ ሰው ጽፌያለሁ፤ ስለዚህ አካሄዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እዚህ ላስቀምጠው።

ስለ ሕጉ ማወቅ የሚያስፈልገው

አንቀጽ 15 የአውሮፓ ኅብረት አጠቃላይ የዳታ ጥበቃ ደንብ አንቀጽ ነው፤ ድርጅቶች ስለ እርስዎ የያዙትን የግል መረጃ የማየትና ቅጂውን የመቀበል መብት ይሰጥዎታል። ደንቡ በምህጻሩ ጂዲፒአር ይባላል፤ ጀርመኖች ዴኤስጌፋውኦ፣ ፈረንሳዮች ኤርዤፔዴ ይሉታል። ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 2018 ነው። በ27ቱ የኅብረቱ አገሮች፣ እንዲሁም በኖርዌይ፣ በአይስላንድና በሊክተንስታይን ይሠራል። እንግሊዝ ከኅብረቱ ስትወጣ ደንቡን ወደ ራሷ ሕግ ስላስገባች እዚያ ያላችሁም በተመሳሳይ መንገድ ትጠይቃላችሁ።

ብዙ ወገኖቻችን «ዜጋ አይደለሁም፣ ወረቀቴም ገና ነው» እያሉ ይተዉታል። ደንቡ ዜግነት አይጠይቅም። ጥገኝነት የጠየቀም፣ ለትምህርት የመጣም፣ የሥራ ፈቃድ ያለውም እኩል መብት አለው። ድርጅቱ ዋና ቢሮው አሜሪካ ወይም ቻይና ቢሆንም አውሮፓ ውስጥ ላሉ ሰዎች አገልግሎት እስካቀረበ ድረስ ይገዛበታል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም አያመልጡም፤ የከተማ አስተዳደርም የስደተኞች ጉዳይ ቢሮም ይጠየቃሉ። ፖሊስና ዓቃቤ ሕግ ለወንጀል ምርመራ የያዙት መረጃ ግን በሌላ ሕግ ይታያል።

1. ማንን እንደሚጠይቁ ይለዩ

የድርጅቱን ድረ ገጽ ይክፈቱና ወደ ታች ጫፉ ይውረዱ። ስለ ዳታ ጥበቃ ወይም ስለ ግላዊነት የሚል ማያያዣ አለ። እዚያ ውስጥ የድርጅቱ ሙሉ ስም፣ አድራሻና አብዛኛውን ጊዜ የዳታ ጥበቃ ኃላፊው ኢሜይል ይገኛል። ጥያቄው የሚላከው ወደዚያ ነው። ለደንበኞች አገልግሎት ስልክ ደውሎ መጠየቅ በሕግ ባይከለከልም ማስረጃ አይተርፍዎትም፤ በጽሑፍ ያድርጉት።

ከየት እንደሚጀምሩ ካልታወቀዎት፣ ሕይወትዎን ሊያግድ ከሚችለው ይጀምሩ፦ ባንክ፣ ስልክ፣ ቤት አከራይ፣ አሠሪ፣ ሐኪም፣ የብድር ታሪክ የሚይዙ ድርጅቶች። ጀርመን ያላችሁ የብድር ታሪክ የሚይዘውን ሹፋን ታውቁታላችሁ፤ ቤት ለመከራየት ወረቀቱ ይጠየቃል። ሹፋ የሚሸጠው ወረቀት አለ፣ በአንቀጽ 15 መሠረት በነጻ የሚሰጠው ቅጂም አለ። ለራስዎ ምን እንደተጻፈብዎት ለማየት ነጻው ይበቃል።

2. በራስዎ ማውረድ የሚችሉትን ያውርዱ

ጉግል፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዋትሳፕ በአካውንቱ ማስተካከያ ውስጥ «ዳታዬን አውርድ» ዓይነት ምርጫ አላቸው። ይጫኑት፣ ፋይሉ ሲደርስ ያስቀምጡት። በዚህ ግን አይብቃዎት። የሚወርደው ፋይል እርስዎ የጻፉትንና የጫኑትን ያሳያል፤ መረጃዎን ለማን እንዳሳለፉት፣ ከየት እንዳገኙት፣ ስለ እርስዎ ምን ብለው እንደገመቱ ብዙ ጊዜ አይነግርዎትም። ለዚያ ነው ደብዳቤው የሚያስፈልገው።

ማክስ ሽሬምስ የተባለ የኦስትሪያ የሕግ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ2011 ፌስቡክን ጠይቆ ከ1,200 ገጽ በላይ ደርሶታል፤ ደምስሼዋለሁ ብሎ ያሰበው መልእክት ሳይቀር እዚያ ውስጥ ነበር። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ የከፈታቸው ክሶች የአውሮፓንና የአሜሪካን የዳታ ዝውውር ስምምነት ሁለት ጊዜ አፍርሰዋል። የጀመረው በአንድ ተራ የመጠየቂያ ደብዳቤ ነው።

3. ደብዳቤውን ይጻፉ

አጭር ይሁን። የእኔ ይህን ይመስላል፦

«ለዳታ ጥበቃ ኃላፊ። በአጠቃላይ የዳታ ጥበቃ ደንብ አንቀጽ 15 መሠረት ስለ እኔ የያዛችሁትን የግል ዳታ ሁሉ ሙሉ ቅጂ እንድትልኩልኝ እጠይቃለሁ። በተጨማሪም ዳታውን ለምን ዓላማ እንደምትጠቀሙበት፣ ከእኔ ያልተቀበላችሁትን ከየት እንዳገኛችሁት፣ ለየትኞቹ ድርጅቶች በስም እንዳስተላለፋችሁት፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደምታቆዩት፣ እንዲሁም ስለ እኔ በኮምፒውተር ብቻ የተሰጠ ውሳኔ ካለ አሠራሩን ግለጹልኝ። በአንቀጽ 12 መሠረት በ1 ወር ውስጥ መልሳችሁን እጠብቃለሁ።» ከሥሩ ስም፣ አድራሻ፣ የደንበኛ ቁጥር፣ ቀን።

«በስም» የምትለዋን ቃል እንዳይተዉአት። ድርጅቶች «ለንግድ አጋሮቻችን እናስተላልፋለን» ብለው ማለፍ ይወዳሉ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 በኦስትሪያ ፖስታ ጉዳይ ላይ ጠያቂው ተቀባዮቹ እነማን እንደሆኑ ለይቶ የማወቅ መብት አለው ብሎ ወስኗል። ለምን እንደፈለጉትም ማስረዳት የለብዎትም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ያው ፍርድ ቤት በጀርመን አንድ ታካሚ የጥርስ ሐኪሙን ለመክሰስ አስቦ የሕክምና መዝገቡን ሲጠይቅ የመጀመሪያው ቅጂ በነጻ፣ ያለ ምክንያት ይሰጠው ብሏል።

ደብዳቤው በአገሩ ቋንቋ ቢሆን ሥራው ይፈጥናል። በመተርጎሚያ አፕ የሚያስተረጉሙ ከሆነ ስምዎንና የደንበኛ ቁጥርዎን ከትርጉሙ በኋላ ያስገቡ፤ መረጃዬን አሳዩኝ እያልን መረጃችንን ለሌላ ድርጅት እንዳንሰጥ። የአንቀጾቹ ቁጥር በሁሉም ቋንቋ አንድ ነው።

4. ስምዎን በሁሉም አጻጻፍ ይስጧቸው

ይህ በተለይ ለእኛ የሚያስፈልግ እርምጃ ነው፤ በፈረንጆቹ መመሪያዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም። እኔን የጎዳኝም ይኸው ነው።

የእኛ ስም በላቲን ፊደል አንድ ወጥ አጻጻፍ የለውም። «ጸ»ን አንዱ ሠራተኛ በሁለት ፊደል፣ ሌላው በአንድ ይጽፈዋል። «ገብረ ሥላሴ» አንድ ቦታ ተጋጥሞ፣ ሌላ ቦታ ተለያይቶ ይመዘገባል፤ ተለያይቶ ሲመዘገብ «ገብረ» የራስ ስም፣ «ሥላሴ» የቤተሰብ ስም ሆኖ ይቀራል። የቤተሰብ ስም በሚለው ሣጥን ውስጥ ገሚሱ የአባቱን፣ ገሚሱ የአያቱን ስም ሞልቷል፤ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ በወረቀት ላይ ዝምድና የሌላቸው ይመስላሉ። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት ሳይኖራቸው ለመጡ ብዙዎች ጃንዋሪ 1 ተጽፎላቸዋል፤ በእኛ አቆጣጠር የተናገሩት ዓመት ሳይቀየር ገብቶ ሰባትና ስምንት ዓመት ያረጁም አሉ። እንግዲህ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ስም፣ አንድ ዓይነት የአባት ስምና አንድ ዓይነት የልደት ቀን ቢኖራቸው ኮምፒውተር በምን ይለያቸው? የእኔና የዚያ የማላውቀው ሰው መዝገብ የተጋጠመው በዚህ መንገድ ነው።

ስለዚህ ደብዳቤው ላይ «በሚከተሉት አጻጻፎችም ፈልጉልኝ» ብለው ፓስፖርትዎ፣ የመኖሪያ ፈቃድዎ፣ የባንክ ካርድዎና የድሮ ካምፕ ወረቀትዎ ላይ ያሉትን ሁሉ ይዘርዝሩ። የቀድሞ አድራሻና የቀድሞ ስልክ ቁጥርም ይጨምሩ። አለዚያ «በዚህ ስም ምንም የለንም» የሚል መልስ ይመጣል፤ መዝገቡ ግን በሌላ አጻጻፍ ተቀምጦ ይቆይዎታል።

5. መታወቂያ ሲጠይቁ

ድርጅቱ የጠያቂውን ማንነት በእርግጥ ከተጠራጠረ ተጨማሪ ማረጋገጫ መጠየቅ ይችላል፤ ተገቢም ነው፣ ያለዚያ ማንም ተነስቶ የእርስዎን መዝገብ ይወስድ ነበር። ነገር ግን ከሚያስፈልገው በላይ አይስጡ። ሲመዘገቡ በሰጡት ኢሜይል መጻፍ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ቅጂ ከላኩ ፎቶውን፣ የመታወቂያ ቁጥሩንና ፊርማውን ይሸፍኑና «ለዚህ ድርጅት ለዳታ ጥያቄ ብቻ» ብለው ከነቀኑ በላዩ ላይ ይጻፉበት። እኔን የመኖሪያ ፈቃዴን ሁለቱንም ገጽ ጠይቀውኝ ነበር፤ ስምና የልደት ቀን ብቻ የሚታይበትን ላክሁ፣ ተቀበሉት።

6. ቀን ይቁጠሩ

ጥያቄው ከደረሳቸው ጀምሮ 1 ወር አላቸው። ጉዳዩ ውስብስብ ከሆነ 2 ወር መጨመር ይችላሉ፤ ይህን ግን በመጀመሪያው ወር ውስጥ፣ ከነምክንያቱ መንገር አለባቸው። የላኩበትን ቀን ይጻፉ፣ የኢሜይሉን ስክሪንሾት ያስቀምጡ፣ በፖስታ ከሆነ በአደራ ይላኩት። ገንዘብ አይከፈልም። ማስከፈል ወይም እምቢ ማለት የሚችሉት ጥያቄው ግልጽ በሆነ መንገድ መሠረተ ቢስ ወይም ያለ ልክ የሚደጋገም ሲሆን ነው።

7. የመጣውን ያንብቡ

ሰው እዚህ ላይ ይደክመዋል። ወረቀቱ ብዙ ነው፣ ቋንቋው ደረቅ ነው። አንድ ከሰዓት መድበው፣ ልጆችዎ ቋንቋውን የሚያነቡ ከሆነ አጠገብዎ አስቀምጠው ይዩት። መጀመሪያ ስም፣ የልደት ቀንና አድራሻ ትክክል መሆናቸውን፤ ከዚያ የማያውቁት ስልክ፣ ውል ወይም ዕዳ መኖር አለመኖሩን፤ ከዚያ ለማን ለማን እንደተላለፈ ይመልከቱ። ዕዳ ይከፍላሉ አይከፍሉም የሚለውን የሚገምት ነጥብ ወይም ደረጃ ተሰጥቶዎት ከሆነ ምልክት ያድርጉበት። የኅብረቱ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 በሹፋ ጉዳይ ላይ፣ ባንክ በዋናነት በዚያ ነጥብ ተመርኩዞ የሚወስን ከሆነ ነጥቡ ራሱ በኮምፒውተር የተሰጠ ውሳኔ ተብሎ ሊቆጠር ይችላል ብሏል፤ ስለዚህ አንቀጽ 22ን ጠቅሰው ሰው እንዲያየው መጠየቅ ይችላሉ።

8. ያስተካክሉ፣ ያስጠፉ፣ ይቃወሙ

ስህተት ካለ አንቀጽ 16ን ጠቅሰው እንዲያርሙት ይጻፉ፤ ትክክለኛውን የሚያሳይ ወረቀት ያያይዙ። አንቀጽ 19 ደግሞ የተሳሳተውን መረጃ ለተቀበሉት ሁሉ እርማቱን እንዲያሳውቁ ያስገድዳቸዋል፤ ይህን ካልጠቀሱ ስህተቱ አንድ ቦታ ታርሞ ሌላ ቦታ ይቀራል። እኔ ይህን የረሳሁት በመሆኑ ሁለተኛ ደብዳቤ መጻፍ ነበረብኝ።

ማስጠፋት በአንቀጽ 17 ነው፤ ሁሉም ነገር ግን አይጠፋም። ባንክና ሐዋላ ቤት ገንዘብ የላኩበትን መዝገብ በሕግ የተወሰነ ዓመት እንዲያቆዩ ይገደዳሉ። ማስታወቂያ ለመላክ ለሚጠቀሙበት ዳታ ግን አንቀጽ 21ን ጠቅሰው «አቁሙ» ካሉ ምንም ሰበብ የላቸውም።

9. ዝም ካሉ

ወሩ ካለፈ አንድ አጭር ማስታወሻ ይላኩና 14 ቀን ይስጧቸው። ከዚያ ለሚኖሩበት አገር የዳታ ጥበቃ ባለሥልጣን አቤት ይበሉ፤ አቤቱታው በነጻ ነው፣ ጠበቃም አያስፈልግም። በፈረንሳይ ክኒል፣ በጣሊያን ጋራንቴ፣ በኖርዌይ ዳታቲልሲኔት፣ በእንግሊዝ አይሲኦ ይባላል። በጀርመን በግል ድርጅቶች ላይ የሚቀርበውን አብዛኛውን አቤቱታ የየክልሉ ባለሥልጣን ያየዋል። ድርጅቱ አየርላንድ የተቀመጠ ቢሆን እንኳ አቤቱታውን ባሉበት አገር ያቅርቡ፤ ባለሥልጣናቱ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። የአየርላንዱ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን 1.2 ቢሊዮን ዩሮ ቀጥቷል፤ የዚያ ሙግት መነሻ የማክስ ሽሬምስ አቤቱታ ነው። ጉዳት ከደረሰብዎት በአንቀጽ 82 ካሣ በፍርድ ቤት መጠየቅም ይቻላል፤ ለዚህ ግን ጠበቃ ያማክሩ።

ኢትዮጵያ ላሉ ቤተሰቦቻችሁ

አገር ቤትም በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለ ራስ የተያዘን መረጃ የማየት፣ የማሳረምና የማስጠፋት መብት እዚያም ተጽፏል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26ም የግል ሕይወትን ያስከብራል። ባንክ፣ የስልክ ድርጅት ወይም የብድር አፕ ላይ ስሙ የተበላሸበት ሰው ካላችሁ ከላይ ያለውን ደብዳቤ ውሰዱለት። የደንቡን ስምና የአንቀጾቹን ቁጥር አውጥታችሁ የአዋጁን ቁጥር አስገቡበት፣ የ1 ወሩንም ዓረፍተ ነገር አንሡት፤ የቀረው ባለበት ይሠራል፣ መተርጎምም አያስፈልገውም።